አንቷን ዳባዲ፤ ከሰማይ ተነሥቶ ምድርን የለካ ሊቅ

የፎገራ ሜዳ ለዓይን ይመቻል፤ ለልኬት ግን ያስቸግራል። ርብና ጉማራ ከጉና አካባቢ ደለል እያወረዱ ያነጠፉት ይህ ምድር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተዘርግቶ ከወረታ ወዲያ ወደ ጣና ሐይቅ ዝቅ ይላል። በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል። በእንዲህ ያለ ለጥ ያለ አገር አንድ ሥፍራ በትክክል የት እንዳለ ለማወቅ የሚሻ ሰው በስተምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚወጣው ወደ ጉና ወይም ወደ ሰማይ መመልከት ይኖርበታል። በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለቱን አጣምሮ የጣናን አካባቢ ጨምሮ ሰፊ የኢትዮጵያን ክፍል የለካው የሥነ ፈለክ ሊቅ አንቷን ዳባዲ ነበር።

ዳባዲ በ1810 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በደብሊን ከተማ ከፈረንሳዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወለደ፤ ያደገው ግን በፈረንሳይ ነው። በ1836 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የምድርን መግነጢስ እንዲመረምር ወደ ብራዚል ላከው። በ1838 ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ደረሰ፤ በዚያው ዓመትም ጎንደር ገባ። መሣሪያ ለማሟላት ወደ አውሮፓ ከመመለሱ በቀር እስከ 1848 ድረስ ከዚህ አካባቢ አልራቀም።

ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። ራስ አሊ ደብረ ታቦር ተቀምጠው ያስተዳድሩ ነበር፤ በበጌምድርና በጎጃም መካከል ሠራዊት ይመላለስ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰንሰለት ዘርግቶ መነሻ መስመር መለካት የማይታሰብ ነገር ነው። ስለሆነም ዳባዲ ለችኩል መንገደኛ የሚስማማ ዘዴ አበጀ። እርስ በርሳቸው በሚተያዩ ሁለት ከፍታዎች ላይ ወጥቶ የእያንዳንዱን ኬክሮስ ከፀሐይና ከከዋክብት ያወጣል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ያለውን አቅጣጫ በፀሐይ ይወስናል፤ ከዚያም ርቀቱን በስሌት ያገኛል። ያ ርቀት ለቀሩት ሦስት ማዕዘኖች መነሻ ይሆናል። ብረት ያዘለው ጥቁር ድንጋይ የኮምፓስን መርፌ ሊያስት ስለሚችል ከመርፌው ይልቅ ፀሐይን መረጠ። የቦታዎችንም ከፍታ ውሃ ከሚፈላበት የሙቀት መጠን አሰላ።

ይሁን እንጂ ልኬቱ ትክክል የሆነ ሰው መደምደሚያው ሊሳሳት ይችላል። በ1846 ሁለቱ ወንድማማቾች የግቤን ምንጭ አይተው የነጭ ዓባይ መነሻ እርሱ ነው አሉ። ጎጃምን ያጠናው እንግሊዛዊ ቻርልስ ቤክ ይህን ተቃወመ፤ ከዚያም አልፎ ዳባዲ ከፋ መድረሱን ራሱን በአደባባይ ካደ። ክርክሩ ከመክረሩ የተነሣ ቤክ ከፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ተሸልሞት የነበረውን ሜዳልያ መልሶ ሰጠ። ለአንድ ለኪ ከዚህ የከፋ ክስ የለም፤ ያላየውን አየሁ ብሏል ማለት ነውና።

የዳባዲ ጽኑ መልስ የቁጥር መልስ ሆነ። ከ1860 እስከ 1873 በክፍል በክፍል ባሳተመው የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ በተሰኘው ሥራው በየሥፍራው የወሰዳቸውን በሺህ የሚቆጠሩ ማዕዘኖች ለማንም እንዲታዩ ዘረጋቸው፤ ሒሳቡንም ሮዶልፍ ራዶ የተባለ ሌላ የሥነ ፈለክ ሰው መርምሮ አስተካከለው። እነሆ ሁለት ነገሮች ተለያዩ። በዓባይ ላይ የሰጠው ፍርድ ወደቀ፤ የግቤ ውሃ በኦሞ በኩል ወደ ቱርካና ሐይቅ እንደሚገባ በ1896 የቦቴጎ ጉዞ አረጋገጠ። ልኬቶቹ ግን አልወደቁም፤ ከእርሱ በኋላ ካርታ የሠሩ ሰዎች ተመረኮዙባቸው።

በ1867 የሳይንስ አካዳሚ አባል፣ በ1892 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ የሰበሰባቸው ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍትም ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በፈረንሳይና በስፔን ድንበር አጠገብ በአንዳይ ከተማ ከ1864 እስከ 1879 ባሠራው ቤት ግድግዳ ላይ የአማርኛ ጽሕፈት አስቀረጸ፤ በዚያው ቤት የኮከብ መመልከቻ አቋቋመ። ቤቱንና ርስቱን ለአካዳሚው ሲያወርስ አንድ ግዴታ አኖረ፤ ይኸውም በ50 ዓመት ውስጥ የ500,000 ከዋክብት መዝገብ እንዲዘጋጅ ነበር። በ1897 ከሞተ በኋላም ካህናት በመነጽሩ ሥር እየተተካኩ ከዋክብትን መመዝገብ ቀጠሉ። መመልከቻው ሥራውን ያቆመው በ1975 ነው።

ዛሬ ሳተላይት የወረታን ሥፍራ በጥቂት ሰኮንዶች ይነግረናል። ነገር ግን መሣሪያ ቢለወጥም የሙያው ግዴታ አልተለወጠም። የዳባዲ ፍርድ ስሕተት መሆኑ ሲገለጥ ስሙን ያተረፈለት መደምደሚያውን ብቻ ሳይሆን ወደ መደምደሚያው የሄደበትን መንገድ ሁሉ ለመርማሪ ክፍት አድርጎ መተዉ ነው።