የማይሰሙ ልጆች አስተማሪ

ሻርል ሚሼል ደ ሌፔ በፈረንሳይ አገር ቬርሳይ በምትባል ከተማ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1712 ዓመተ ምሕረት ተወለደ። አባቱ በንጉሡ የሕንፃ ሥራ ያገለግል ነበር፤ ልጁ ግን ክህነትን መረጠ፤ ተምሮም ቄስ ሆነ።

በዚያ ዘመን ጆሮው የማይሰማ ልጅ ኑሮው እጅግ የከፋ ነበር። ቃል ስለማይሰማ መናገርን አይማርም፤ ስለማይናገርም ሰዎች አእምሮ የሌለው መስሏቸው ደንቆሮ እያሉ ይንቁት ነበር። ከባለጠጎች አንዳንዶቹ ለእንዲህ ያሉ ልጆቻቸው በብዙ ገንዘብ አስተማሪ ይቀጥሩ ነበር፤ የድኻ ልጅ ግን ፊደል ሳይቈጥር ኖሮ ይሞት ነበር።

አንድ ቀን ቄስ ደ ሌፔ በፓሪስ ከተማ ወደ አንድ ቤት ገባ። እንደሚነገረው፥ በዚያ ሁለት እኅትማማች ልጃገረዶች ተቀምጠው ልብስ ይሰፉ ነበር። ሰላምታ ቢሰጣቸው አልመለሱለትም፤ ዳግመኛ ቢናገራቸውም ቀና ብለው አላዩትም። እናታቸው በመጣች ጊዜ ልጆቿ ከቶ እንደማይሰሙ እያለቀሰች ነገረችው። ቀድሞ አንድ ካህን በሥዕል ያስተምራቸው ነበር፤ እርሱ ግን ስለ ሞተ ሌላ አስተማሪ አልተገኘም። ቄስ ደ ሌፔም እነዚህ ልጆች እግዚአብሔርን ሳያውቁ እንዳይሞቱ ሠጋ፤ ስለዚህ ራሱ ሊያስተምራቸው ቈረጠ።

ነገር ግን ጆሮው ለማይሰማ ሰው እንዴት ይነገራል? ቄሱ በጆሮ የማይገባው ትምህርት በዓይን ሊገባ እንደሚችል አሰበ። የማይሰሙ ሰዎችም እርስ በርሳቸው በእጃቸው ምልክት እንደሚነጋገሩ አስተዋለ። አስተማሪ ሆኖ ሳለ ይህን ከተማሪዎቹ መማርን አላፈረም። ከዚያም በኋላ ለሰዋስው የሚሆኑ ሌሎች ምልክቶችን ጨምሮ ማንበብንና መጻፍን፥ ጸሎትንና ሃይማኖትን አስተማራቸው።

በ1760 ገደማ በገዛ ቤቱ ትምህርት ቤት ከፈተ። ድኻውንም ባለጠጋውንም ያለ ዋጋ ተቀበለ። የማስተማሪያውንም መንገድ አልሸሸገም፤ በ1776 በመጽሐፍ አሳተመው፤ ከሌላ አገር ለሚመጡ አስተማሪዎችም በደስታ ያሳያቸው ነበር። በ1777 ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛ ወደ ፓሪስ መጥቶ ትምህርቱን አየ፤ በ1779ም በከተማው በቪየና እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ተከፈተ።

ስለ ቄሱ ሽምግልና አንድ ነገር ይነገራል። በ1788 በፓሪስ ብርቱ ብርድ ሆነ። ቄስ ደ ሌፔ የ76 ዓመት ሽማግሌ ሳለ፥ ለልጆቹ ምግብና ልብስ እንዳይጐድል ብሎ ለራሱ ክፍል ማገዶ መግዛትን ተወ። ልጆቹ ይህን ባወቁ ጊዜ እያለቀሱ ለመኑት፤ እርሱም ስለ እነርሱ ብሎ እሳት አነደደ።

በታኅሣሥ 23 ቀን 1789 ዐረፈ። በ1791 የፈረንሳይ መንግሥት ትምህርት ቤቱን ተረክቦ ይረዳው ጀመር፤ እስከ ዛሬም በፓሪስ አለ። በዚያ ከተማሩት አንዱ ሎራን ክሌር ነበር፤ የእርሱም ጆሮ አይሰማም ነበር። ክሌር በ1816 ባሕር ተሻግሮ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በ1817 በሃርትፎርድ ከተማ ለማይሰሙ ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፈትም አስተማሪ ሆነ። እንዲሁ የቄሱ ሥራ እርሱ ራሱ ወዳልደረሰበት አገር ደረሰ።

አእምሮ የላቸውም የተባሉት ልጆች አእምሮ ነበራቸው፤ የጐደላቸው በትዕግሥት በሩን የሚፈልግላቸው ሰው ነበር። ስለዚህ በትምህርት ወደ ኋላ በቀረ ወይም ዝም በሚል ባልንጀራ ላይ መሳቅ አይገባም። ቀርቦ አጠገቡ መቀመጥ፥ ቋንቋውንም ለማወቅ መድከም ይገባል።