ሄንሪ ሞድስሌይና መሪው ቪቴ

የዚህ ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ስለ አንድ የታወቀ መሐንዲስ ሕይወት እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ የታሰበኝ በድልድይ ወይም በግድብ ስሙ የገነነ ሰው ነበር። በኋላ ግን ደባርቅ ላይ በወንድሜ የእንጨት ሥራ ቤት ያጋጠመኝ ነገር ሐሳቤን አስለወጠኝ። ስለዚህ የምጽፈው ሥራው በየቶርኖ ቤቱ ዕለት ዕለት ስለሚታይ፣ ስሙ ግን ከሙያው ሰዎች ውጭ እምብዛም ስለማይነሣ እንግሊዛዊ፣ ስለ ሄንሪ ሞድስሌይ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ የኢትዮጵያ ተብለው ካልተለዩ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተወለድሁት በሰሜን ተራሮች፣ ጊች በተባለው መንደር ነው። ጅባራና ጓሳ የሚበቅልበት፣ የጭላዳ መንጋ የሚሰማራበት ያ አምባ በብሔራዊው ፓርክ ክልል ውስጥ በመሆኑ፣ ነዋሪው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛወረ። በጊች ገብስ ይዘራና በግ ያረባ የነበረው ታናሽ ወንድሜ ከተማ ሲገባ የያዘው ሙያ የእንጨት ሥራ ነው። በርና ቁም ሣጥን የሚቀርጽ ራውተር ከውጭ ማስመጣት ከአቅሙ በላይ ስለ ነበር፣ በኮምፒዩተር የሚታዘዘውን፣ ሲኤንሲ የተባለውን ዓይነት እኔ ራሴ ልሠራለት ቃል ገባሁ።

ክፈፉን ከካሬ ብረት በየድነው። ስቴፐር ሞተሮቹንና መቆጣጠሪያውን ገዛን። ገንዘቡ ሲያልቅ ግን የሞተሩን ዙር ወደ ቀጥታ ጉዞ የሚለውጠውን ክፍል ከሕንፃ ዕቃ መደብር በተገዛ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርስ በወጣለት ተራ ዘንግና በዳዶው ተወጣሁት። ኮምፒዩተሩ ስሕተቱን ያርመዋል የሚል ግምት ነበረኝ። የመጀመሪያው የዋንዛ በር ተቀርጾ ሲያልቅ የግራው አበባ ከቀኙ ጋር አልገጠመም፤ ክቡ ሁሉ ሞላላ ሆኖ ወጣ። ደንበኛው ቀብዱን አስመልሶ ሄደ። ወንድሜ አንዲት ቃል አልተናገረኝም፤ የተበላሸውን በር በግድግዳው ላይ አስደግፎ ወደ መጋዙ ተመለሰ። በተማሪነቴ ለፈተና ያህል ያነበብሁትን የሞድስሌይን ታሪክ እንደ ገና የገለጥሁት በዚያ ሰሞን ነው።

ሄንሪ ሞድስሌይ የተወለደው በ1771 በኦገስት ወር፣ በዚያ ዘመን ለንደን አጠገብ በነበረችው በዉሊች ነው። አባቱ በጦር ሠራዊቱ መንኰራኵር ሠሪ የነበረ፣ ከቆሰለ በኋላም በዉሊች የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት በዕቃ ጠባቂነት የተመደበ ሰው ነው። ልጁ በዐሥራ ሁለት ዓመቱ በዚያው ግቢ ባሩድ በመሙላት ሥራ ጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አናጢዎቹ ክፍል ተዛወረ፤ ልቡ ግን ወደ ብረቱ ስላዘነበለ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ከቀጥቃጮቹ ምድጃ ገባ። ትምህርት ቤቱም ዩኒቨርሲቲውም ይኸው ምድጃ ነበር።

በ1789 ጆዜፍ ብራማ የተባለ ስመ ጥር የቁልፍ ሠሪ የእጁን ሥራ ሰምቶ አስጠራው። ብራማ ያወጣው ቁልፍ ሌባ የማይደፍረው ቢሆንም፣ ክፍሎቹ ረቂቅ በመሆናቸው በሞረድ ብቻ እየተሠራ ገበያ በሚችለው ዋጋ ሊወጣ አልቻለም ነበር። የዐሥራ ስምንት ዓመቱ ወጣት ክፍሎቹን በብዛትና በትክክል የሚያወጡ መሣሪያዎችን ሠራለት። ቁልፉን መክፈት ለሚችል 200 ጊኒ እንደሚሸለም በሱቁ መስኮት ተለጥፎ እስከ 1851 ድረስ የከፈተው አልተገኘም፤ በዚያ ዓመት የከፈተው አሜሪካዊም ከ50 ሰዓት በላይ ደክሞበታል።

ሞድስሌይ የሥራ ቤቱ ኃላፊ እስከ መሆን ደረሰ። የሳምንት ደመወዙ ግን 30 ሽልንግ ነበር። ሚስት አግብቶ ልጆች ስለ ወለደ በ1797 ጭማሪ ቢጠይቅ ብራማ ከለከለው። እሱም ወጥቶ በለንደን በዌልስ ጎዳና አነስተኛ የሥራ ቤት ከፈተ። ብራማ ጥቂት ሽልንጎችን አተረፈ፤ በዘመኑ ተወዳዳሪ ያልነበረውን ባለሙያ ግን አጣ።

የሞድስሌይን ስም የሚያስጠራው ሥራ የተከናወነው ይህን በመሰሉት ዓመታት፣ ከ1797 እስከ 1800 ባለው ጊዜ ግድም ነው። እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው የቶርኖ ሠራተኛ ስለቱን በእጁ ይዞ፣ ከመደገፊያ ላይ አስደግፎ ይቈርጥ ነበር። የሥራው ትክክለኛነት በክንዱ ጽናት የተወሰነ ስለ ነበር፣ የደከመው ሰው ሥራ ከሰዓት በኋላ ይበላሽ ነበር። ሞድስሌይ ስለቱን በብረት አልጋ ላይ ቀጥ ብሎ በሚንሸራተት መያዣ አሰረው፤ መያዣውንም በአንድ ረጅም መሪ ቪቴ እንዲነዳ አደረገ፤ ቪቴውንም ከሚሽከረከረው ዘንግ ጋር በሚለዋወጡ ጥርስ ባላቸው ጎማዎች አገናኘው። ጎማዎቹን በመለወጥ ከአንድ መሪ ቪቴ ልዩ ልዩ የጥርስ ርቀት ያላቸውን ቪቴዎች ማውጣት ተቻለ። ለእውነት ለመመስከር፣ እያንዳንዱን ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰበ እሱ አይደለም፤ በዚያው በእንግሊዝ ጄሲ ራምስደን በ1770ዎቹ ቪቴ የሚያወጣ ማሽን ሠርቶ ነበር። የሞድስሌይ ድርሻ ክፍሎቹን አዋሕዶ፣ ሁሉንም ከብረት ሠርቶ፣ ለየቀኑ ሥራ የሚበቃ መሣሪያ ማድረጉ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር መጠየቁ አይቀርም። ትክክለኛ ቪቴ ለማውጣት ትክክለኛ መሪ ቪቴ ካስፈለገ፣ የመጀመሪያው መሪ ቪቴ ከየት መጣ? ሞድስሌይ ለስላሳ ዘንግ አዘጋጅቶ፣ በሚፈለገው ማዕዘን ያዘነበለ ስለታም ቢላ በዘንጉ ገላ ላይ አሳረፈ። ዘንጉ ሲዞር ቢላው ገላውን እየነከሰ ራሱ ወደ ጎን ስለሚጓዝ ጠመዝማዛ መስመር ያሰምራል። በዚህ የተገኘውን ረቂቅ ቪቴ መሪ አድርጎ ሁለተኛውን ቈረጠ፤ የሁለተኛውን ጉድለት እየለካ እያረመ ሦስተኛውን አወጣ። በመጨረሻም ርዝመቱ 5 ጫማ፣ ውፍረቱ 2 ኢንች የሆነ፣ በእያንዳንዱ ኢንች 50 ጥርስ ያለው ቪቴ ለመሥራት በቃ። የዳዶው ርዝመት 12 ኢንች ስለ ነበር 600 ጥርሶች በአንድ ጊዜ ይነክሱ ነበር። ዳዶው እንዲህ ረጅም የሆነበት ምክንያት፣ የአንዲት ጥርስ ስሕተት በብዙዎቹ መካከል ተካፍሎ እንዲጠፋ ነው።

ለመለካትም የነበረው ጥንቃቄ ከዚህ አያንስም። በ1805 ግድም የሠራው መለኪያ የአንድ ኢንች 10,000ኛ ክፍል፣ ማለት ከሚሊ ሜትር 400ኛ እጅ የማይበልጥ ልዩነት ያሳይ ነበር። በሥራ ቤቱ ክርክር ሲነሣ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ይህ መለኪያ ስለ ነበር፣ ሠራተኞቹ በአገሪቱ ከፍተኛ ዳኛ ማዕርግ ሎርድ ቻንስለር ብለው ሰየሙት። ከእሱ በፊት እያንዳንዱ ብሎን ከራሱ ዳዶ በቀር ከሌላ ስለማይገጥም ተጣማሪዎቹ ምልክት ተደርጎባቸው ይቀመጡ ነበር፤ ሞድስሌይ በሥራ ቤቱ የጥርሱን ልክ ወጥ በማድረግ ይህን ድካም አስቀረ።

የእንጨት ሥራን በተመለከተ ትልቁ ክንውኑ በፖርትስማውዝ የመርከብ ሥራ ቦታ የቆመው ነው። የጦር መርከቦች ገመድ የሚሳብባቸው የእንጨት መዘውሮች በያመቱ እጅግ በብዛት ይፈለጉ ነበር። ማርክ ብሩኔል የነደፋቸውን ከ40 የሚበልጡ ማሽኖች ሞድስሌይ ሠርቶ በ1808 ሥራቸው በተሟላ ጊዜ፣ ምርቱ በዓመት 130,000 መዘውር ደረሰ፤ 110 ብልህ ሠራተኞች ይሠሩት የነበረውንም ያልሠለጠኑ 10 ሰዎች ተወጡት። እንጨት የሚፈልጡት እነዚህ ማሽኖች ራሳቸው ከብረት የተሠሩ ነበሩ። ዛሬ በራውተር ክፈፍ ላይ በብረትና በእንጨት መካከል ለሚያመነታ ሰው ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

በ1810 ሥራውን ወደ ላምቤት አዛወረ። ከዚያ የመርከብ የእንፋሎት ሞተሮች ወጡ፤ ብሩኔል በቴምዝ ወንዝ ሥር ዋሻ ሲቈፍር የተጠቀመበትም ከለላ ተሠራ። የሥራ ሸሪኩ ጆሹዋ ፊልድ በ1818 የእንግሊዝ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበርን ከመሠረቱት ወጣቶች አንዱ መሆኑ ለእኛ ለማኅበርተኞች ልዩ ትርጉም አለው። ሞድስሌይ ዕውቀቱን አልቈለፈበትም። ጆዜፍ ዊትዎርዝ፣ ጄምስ ናስሚዝ፣ ሪቻርድ ሮበርትስና ጆዜፍ ክሌመንት ሁሉ ከሥራ ቤቱ የወጡ ናቸው። ዊትዎርዝ በ1841 የቪቴ ጥርስ ልክ ለአገር በሙሉ አንድ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ክሌመንት ደግሞ የቻርልስ ባቤጅን የስሌት ማሽን ክፍሎች የሠራ ነው፤ ስለዚህ የኮምፒዩተር አያትና መሪው ቪቴ በአንድ ሰው እጅ ተገናኝተዋል ማለት ነው። በቍጥር የሚታዘዘው የመጀመሪያው የፍሬዛ ማሽን በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለሕዝብ የታየው በ1952 ነው።

ሞድስሌይ ፈረንሳይ ያለ ወዳጁን ጠይቆ ሲመለስ በመንገድ በያዘው ብርድ ታሞ በ1831 በፌብሩዋሪ 14 ቀን ዐረፈ። የተቀበረው በተወለደባት በዉሊች፣ ራሱ በነደፈው የብረት ሐውልት ሥር ነው።

እሱ ከሞተ ከ24 ዓመት በኋላ፣ በዚሁ በሰሜን፣ በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ነገሡ። በሰሜንና በወገራ ማረሻና ማጭድ የሚያወጡት ቤተ እስራኤላውያን ቀጥቃጮች በዚያ ዘመን ቡዳ እየተባሉ ይፈሩና ይናቁ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በጋፋት መድፍ ያስቀለጡ፣ በ1866ም የእጅ ባለሙያና ማሽን እንዲመጣላቸው ወደ እንግሊዝ መልእክተኛ የላኩ ናቸው፤ ባለሙያዎቹ ግን ከምጽዋ አላለፉም። በአንዱ አገር ከቀጥቃጭ ምድጃ የወጣ ሰው ደቀ መዛሙርት ሲያፈራ፣ በሌላው አገር ቀጥቃጩ ከማዕድ ይለይ ነበር። መሣሪያን የሚወልደው መሣሪያ ዘግይቶ የደረሰን በርቀት ምክንያት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ወደ ደባርቁ ማሽን ልመለስ። የመለኪያ ሰዓት አምጥቼ ስለካ፣ ጉዞው አቅጣጫውን በለወጠ ቍጥር በዘንጉና በዳዶው መካከል 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል እየጠፋ ነበር። ኮምፒዩተሩ ያዘዘውን ቍጥር እንጂ እንጨቱ ላይ የደረሰውን አያውቅም። ያ ተራ ዘንግ የተሠራው ሊያስር እንጂ ሊመራ አይደለም። በዙር የሚጓዘውም 1.75 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ፣ ሞተሩ በደቂቃ 600 ጊዜ ቢዞር ማሽኑ ከ1,050 ሚሊ ሜትር አያልፍም፤ ስለቱ በአንድ ቦታ እየዘገየ ዋንዛውን ያሳርረዋል።

እንደ ገና ስመርጥ ለሦስቱ አቅጣጫዎች ሦስት ልዩ ልዩ መልስ አገኘሁ። ለአጭሩ ወርድ ቦል እስክሩ የሚባለውን፣ በዳዶው ውስጥ ኳሶች የሚሽከረከሩበትን ቪቴ አደረግሁ። በዙር 10 ሚሊ ሜትር ስለሚሄድ በዚያው 600 ዙር 6,000 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ ከሞተሩ ኃይል 90 በመቶ ያህሉን ያስተላልፋል፤ ተራው ደረጃም ቢሆን ስሕተቱ በ300 ሚሊ ሜትር ከ0.05 አይበልጥም። ሁለት ሜትር ተኩል ለሆነው ርዝመት ግን ይህ አይሆንም፤ ረጅም ቪቴ በፍጥነት ሲዞር እንደ ገመድ ይወዛወዛል፤ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን የሚችለው ፍጥነት ወደ ሩብ ይወርዳል። ቺንጋ ርካሽ ቢሆንም በዚህ ርዝመት ይለጠጣል። ስለዚህ ቀጥ ያለ ጥርሳም ብረትና ትንሽ ጥርሳም ጎማ መረጥሁ። ለቁመቱ አቅጣጫ ደግሞ ሰፊ ጥርስ ያለውን፣ በፍትጊያ የሚሠራውን ቪቴ ከሚጠብቅ ዳዶ ጋር አደረግሁ። ይህ ኃይል ያባክናል፤ ነገር ግን መብራት ድንገት ሲጠፋ በኳስ የሚሄደው ቪቴ የእስፒንድሉን ክብደት መሸከም አቅቶት ስለቱን በሥራው ላይ ሊጥለው ሲችል፣ ይኸኛው ባለበት ይቆማል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የእስፒንድሉን ፍጥነት የሚቆጣጠረውንም ዕቃ ከሚያስፈልገው ከፍ አድርጌ ገዛሁ፤ ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ የአቅሙ 1 በመቶ ያህል ስለሚቀነስ፣ ደባርቅን በመሰለ ከፍታ ስሱ አየር የሚያቀዘቅዘው በጣም ያነሰ ነው።

ሁለተኛው በር ሲቀረጽ ወንድሜ አላመነኝም፤ ማሽኑ ካቆመ በኋላ ራሱ በክር ለካው። ግራና ቀኙ ገጠመ። የመጀመሪያው ዋንዛ ግን እስከ ዛሬ በግድግዳው ላይ ነው፤ ሥራ ሊለምዱ የሚመጡ ከጊች የወጡ ልጆች መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ምን እንደ ጐደለው ሲጠይቁ ወንድሜ ቪቴውንና ዳዶውን ያሳያቸዋል፤ የሞድስሌይን ስም ግን እኔ ነኝ የምነግራቸው።