ዶ/ር ካርል ጆንሰን፦ አቧራውን የመረመሩት ሐኪም

በዴንቨር ፓርክ ሂል፣ በኮልፋክስ ጎዳና ግራና ቀኝ እንዲሁም በአውሮራ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወደ ምዕራብ ቀና ስንል የሮኪ ተራሮችን እናያለን። ከተራሮቹ ግርጌ፣ ከመሀል ከተማው በስተሰሜን ምዕራብ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሮኪ ፍላትስ የሚባል ሜዳ ይገኛል። ዛሬ ሜዳው የዱር እንስሳት መጠለያ ነው። ከ1952 እስከ 1989 (እ.ኤ.አ.) ግን ለአሜሪካ የኑክሌር ቦምቦች የፕሉቶኒየም እምብርት የሚመረትበት ፋብሪካ ነበር። ብዙዎቻችን ወደዚህ ከተማ የመጣነው ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ስለሆነ ታሪኩን አናውቀውም። በዚያ ታሪክ ውስጥ ሊረሱ የማይገባቸው አንድ ሐኪም አሉ፤ ዶ/ር ካርል ጆንሰን።

ዶ/ር ጆንሰን በ1973 ፋብሪካው የሚገኝበት የጄፈርሰን ካውንቲ ጤና መምሪያ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። የእንዲህ ያለ መምሪያ የዘወትር ሥራ ክትባት፣ የምግብ ቤቶች ንጽሕና፣ የፍሳሽ ቁጥጥር ነው። እርሳቸውን የጠበቃቸው ግን ሌላ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት፣ በሜይ 11 ቀን 1969፣ በፋብሪካው ከባድ የእሳት ቃጠሎ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ኤድዋርድ ማርቴል የተባሉ የቦልደር ከተማ ተመራማሪ ከአጥሩ ውጭ አፈር ሰብስበው ሲመረምሩ ፕሉቶኒየም አገኙ። ዋነኛው ምንጭ የቃጠሎው ጭስ እንኳ አልነበረም። ለዓመታት ሜዳ ላይ ተደርድረው የቆዩ፣ ፕሉቶኒየም የነካው ዘይት የያዙ በርሜሎች ዝገው ይዘታቸው መሬት ውስጥ ሰርጓል፤ ከተራራው የሚወርደው ኃይለኛ ነፋስም አፈሩን ይዞት ሄዷል።

በ1970ዎቹ አጋማሽ በፋብሪካው አቅራቢያ መኖሪያ ቤቶች ለመሥራት ጥያቄ ሲቀርብ ዶ/ር ጆንሰን ዝም ብለው አላለፉትም። ክፍለ ሀገሩ (ኮሎራዶ) በአፈር ውስጥ ሊኖር የሚችለውን የፕሉቶኒየም መጠን የሚወስን መለኪያ ነበረው። ዶ/ር ጆንሰን ግን የአለካኩን መንገድ ራሱን ጠየቁ። ከፕሉቶኒየም የሚወጣው የአልፋ ጨረራ በወረቀት እንኳ ይቆማል፤ የሰውን ቆዳ አልፎ አይገባም። አደጋው ደቃቁ ብናኝ ከአየር ጋር ተስቦ ሳንባ ውስጥ ሲቀመጥ ነው። ታዲያ ሰው የሚተነፍሰው ጠጠሩንና አሸዋውን ነው ወይስ ላዩ ላይ ያለውን አቧራ? ስለዚህ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ነፋስ የሚያነሣውን ልል አቧራ ብቻ ለይተው መረመሩ። ያገኙት መጠን በመንግሥት አለካክ ከተገኘው በብዙ እጥፍ በለጠ። ውጤቱ በ1976 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት ታተመ። መሬት ሸጠው፣ ቤት ሠርተው ለማትረፍ የተዘጋጁት ወገኖች ምን ያህል እንደተከፉ መገመት አያዳግትም!

ዶ/ር ጆንሰን በዚህ አላበቁም። ከ1969 እስከ 1971 በዴንቨር አካባቢ የተመዘገቡትን የካንሰር ሕሙማን ከአፈሩ ብክለት ጋር አነጻጸሩ። ይበልጥ በተበከለው ቀጠና ካንሰር ካልተበከለው ይልቅ በወንዶች 24 በመቶ፣ በሴቶች 10 በመቶ ከፍ ብሎ አገኙት። ጥናቱ በ1981 አምቢዮ በተባለ መጽሔት ወጣ። በዚያው ዓመት ከሥልጣናቸው ተነሡ።

እዚህ ላይ ለእውነት ስንል ሁለቱን ነገሮች መለየት ይገባናል። የካንሰሩ ጥናት እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው። በ1987 የታተመ የሌሎች ተመራማሪዎች ሥራ ልዩነቱን የሚያስረዳው ለፋብሪካው መቅረብ ሳይሆን ለመሀል ከተማው መቅረብ ነው ብሏል፤ ክፍለ ሀገሩ ኋላ ያካሄዳቸው ጥናቶችም በጠቅላላው የካንሰር መጠን ላይ ጭማሪ አላገኙም። ፕሉቶኒየም ከአጥሩ ውጭ መውጣቱን ግን ዛሬ የሚክድ የለም። በሳይንስ የተሳሳተን ሰው በሌላ ጥናት ማረም ይቻላል። ወንበሩን መንጠቅ ግን ምን ያርማል?

ዶ/ር ጆንሰን በዲሴምበር 1988 አረፉ። በዚያው ወር ስለ ፋብሪካው የጻፉት ጽሑፍ በኒውዮርክ ታይምስ ወጥቶ ነበር። ስድስት ወር ያህል ቢቆዩ ኖሮ ምን ባዩ! በጁን 6 ቀን 1989 የኤፍ ቢ አይ መርማሪዎች ሮኪ ፍላትስን በድንገት ፈተሹ። የማምረት ሥራው በዚያው ዓመት ቆመ። ፋብሪካውን ያስተዳድር የነበረው የሮክዌል ኩባንያ በ1992 የአካባቢ ጥበቃ ሕግ በመጣስ ጥፋተኝነቱን አምኖ 18.5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። የመሬት ባለቤቶች የመሠረቱት ክስም በ2016 በ375 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ። የፕሉቶኒየም ዕድሜ ግን በፍርድ ቤት ቀጠሮ አይለካም፤ ኃይሉ በግማሽ ለመቀነስ 24 ሺሕ ዓመት ይፈጅበታል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አበው። እኛ ሙያተኛ ያየውን በመናገሩ ከሥራው ሲባረር፣ አገሩን ጥሎ ሲሰደድ ያየን ሰዎች ነን። እንዲህ ያለው ነገር በሰለጠነውም አገር እንደሚደርስ የዶ/ር ጆንሰን ሕይወት ይነግረናል። ልጆቻችንን ይዘን ወደዚያ ሜዳ ለሽርሽር ስንወጣ፣ ከእግራችን ሥር ያለውን አቧራ ለሕዝብ ጤና ብሎ የመረመረ ሐኪም እንደነበረ እንንገራቸው።