ለጥርስ የተቆረቆረው ሐኪም አል ዘህራዊ

በረመዳን ጥርሱን ያመመው ሰው፣ በአታትም ይሁን በወልቂጤ፣ ቅርንፉድ ነክሶ ዒድን ይጠብቃል፤ አለዚያም ተቸኩሎ ያስነቅላል። ከሺህ ዓመት በፊት የኖረ ሙስሊም ሐኪም ሁለቱንም መንገድ አልወደደም።

አቡል ቃሲም አል ዘህራዊ በ936 እ.ኤ.አ. ገደማ በአንደሉስ፣ በዛሬዋ ስፔን፣ ከቁርጡባ አጠገብ በነበረችው በመዲነቱ ዘህራ ተወለደ። መጠሪያውም ከዚህችው ከተማ የመጣ ነው። ዕድሜውን በሽተኛ በማከምና ደረሳ በማስተማር አሳልፎ፣ ዕውቀቱን አት ተስሪፍ በተባለው ባለ 30 ክፍል ኪታቡ አኖረ። የመጨረሻው ክፍል ስለ ቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ 200 ያህል መሣሪያዎችን በሥዕል ያሳያል። የጥርስ መፋቂያና መንቀያ ጉጠትም ከነዚሁ መካከል ናቸው።

ጥርስን የከበረ አካል አድርጎ ስለሚያይ፣ ሌላው ሕክምና ሁሉ ሳይሞከር እንዳይነቀል አስተማረ። ሕመም አታላይ ነውና የታመመው ጥርስ በትክክል እንዲለይ አሳሰበ፤ በስህተት ጤነኛው የተነቀለበት ሰው ሕመሙ አይለቀውም። መንቀል ግድ ሲሆን ድዱን ዙሪያውን ማላቀቅ፣ ጥርሱን ቀስ እያሉ መነቅነቅ፣ የተቦረቦረ ከሆነም እንዳይሰበር ቀዳዳውን በጨርቅ መጠቅጠቅ እንደሚገባ አሳየ። ሥሩን ሰብረው የሚያስቀሩ፣ መንጋጋ የሚጎዱ አላዋቂ ነቃዮችን አጥብቆ ነቀፈ። የተነቃነቀ ጥርስን በወርቅ ክር ማሰርን፣ የወደቀውን ከበሬ አጥንት በተቀረጸ መተካትንም ጻፈ።

በ1013 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ አኼራ ሄደ፤ አላህ ይዘንለት። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ በ12ኛው መቶ ዘመን ወደ ላቲን ተተርጉሞ የአውሮፓ ሐኪሞችን ለዘመናት አስተማረ።

የዛሬ ሕክምናም የእሱን ቅደም ተከተል ይከተላል። ቀዳዳው ትንሽ ሲሆን የበሰበሰው ተጠርጎ ይሞላል። ብስባሹ ነርቩ ጋ ከደረሰ የጥርስ ሥር ሕክምና ይደረጋል። ሊተርፍ የማይችለው ብቻ ይነቀላል።

ጾሙስ? ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ እንደወሰነው፣ ወደ ጉሮሮ የወረደውን ሳይውጡ ጥርስን መቦርቦር፣ ማጽዳትም ሆነ መንቀል ጾም አያፈርስም። የሰጋ ከኢፍጣር በኋላ ይታከም። ፊቱ ያበጠና ትኩሳት የያዘው ግን አንድም ቀን አይቆይ፤ ሕመሙ ከጸናበት አፍጥሮ ቀዷ ያወጣል። አካላችን የአላህ አማና ነውና፣ ወላጆች ሆይ፣ የልጆቻችሁን ጥርስ ሳያማቸው አሳዩ።