አለቃ ገብረ ሐና

አለቃ ገብረ ሐና (1814 – 1898 ዓ.ም.) የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቅ፣ ቅኔ አዋቂና የአቋቋም መምህር ነበሩ። በሕዝብ ዘንድ ግን ከሊቅነታቸው ይልቅ በቃላት ጨዋታ በተሠሩ ቀልዶቻቸው ይታወቃሉ።

የሕይወት ታሪክ

አለቃ ገብረ ሐና በፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ በተባለ ቦታ ተወለዱ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረው በጎንደር የባዕታ ማርያም አለቃ ሆኑ። በዕድሜያቸው የዐፄ ቴዎድሮስን፣ የዐፄ ዮሐንስ 4ኛንና የዐፄ ምኒልክን ዘመነ መንግሥት አይተዋል።

ቀልዳቸው ትልቅ ትንሽ አይልም ነበር። በዚህ የተነሣ ከብዙ ሰዎች ጋር እንደተቀያየሙ፣ ጎንደርንም ትተው ወደ ጣና ሐይቅ እንደሸሹ ይነገራል። በኋላ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ተወዳጅ ሆኑ፤ እቴጌ ጣይቱም ከቀልዳቸው አላመለጡም። በ1898 ዓ.ም. ዐረፉ።

የተክሌ አቋቋም

በጣና ሳሉ አዲስ የዝማሜ ስልት እንደፈጠሩ ይተረካል። በትውፊቱ መሠረት የስልቱ መነሻ የሐይቁ ሞገድ እንቅስቃሴና በውሃው ዳር በነፋስ የሚወዛወዘው ሸምበቆ ነው። ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩትና በጎንደር ባዕታ እንዲያሳይ ላኩት። የባዕታ ካህናት ግን ከነባሩ ሥርዓት የወጣ ነው ብለው አባረሩት። ተቀባይነት ያገኘው የደብረ ታቦር አለቃ ተክሌን ጋብዘው እንዲያስተምር ካደረጉ በኋላ ነው። ስልቱ እስከ ዛሬ በልጁ ስም «የተክሌ አቋቋም» ይባላል፤ ደብረ ታቦርም ዋና የትምህርት ቦታው ናት።

የቃላት ጨዋታቸው

የአለቃ ቀልድ ሥሩ የቅኔ ትምህርት ነው። በቅኔ ላይ ላዩን የሚሰማው ትርጉም ሰም፣ ተሰውሮ የሚገኘው ደግሞ ወርቅ ይባላል። ሁለቱን የሚያገናኘው ቃል ኅብር ነው። አማርኛ ለዚህ ይመቻል፤ ፊደሉ መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ «ገና» ተብሎ የተጻፈ ቃል ሲጠብቅ በዓሉን፣ ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን ያመለክታል።

በቀልዶቻቸው ተናጋሪው አንድ ነገር ሳይናገር ይተዋል፤ የጎደለውን የሚሞላው ሰሚው ነው። ለምሳሌ፣ አህያ እየነዳ ብቻውን ለሚሄድ ሰው በብዙ ቁጥር «እንዴት አደራችሁ» የሚል ሰላምታ እንደሰጡ ይወራል። በአማርኛ ለአንድ ሰው የአክብሮት ሰላምታ «እንዴት አደሩ» ነው፤ «አደራችሁ» ግን ቢያንስ ሁለት ተሰላሚ ይፈልጋል። ሰውየው ሁለተኛው ማን እንደሆነ ሲያስብ የሚያገኘው አህያውን ነው። አለቃ የስድብ ቃል አልተናገሩም፤ ስድቡን ያሟላው ራሱ ሰሚው ነው። ባለሥልጣን በሚፈራበት ዘመን ይህ ስልት ለተናጋሪው መከለያ ይሆናል፤ የተነካው ሰው ቢከስ እንኳ የሚጠቅሰው ክፉ ቃል የለም። ያም ሆኖ ወርቁ ከገባው ሰው ቁጣ ሁልጊዜ አያድንም፤ የአለቃ ስደት ለዚህ ምሳሌ ሆኖ ይነገራል።

ትሩፋት

ቀልዶቹ ለረጅም ጊዜ በቃል ሲተላለፉ ቆይተው በኋላ በመጻሕፍት ተሰብስበዋል። በስማቸው የሚነገረው ሁሉ ግን የእሳቸው ነው ማለት አይደለም። በቱርክና በመካከለኛው ምሥራቅ ብዙ ቀልድ በነስረዲን ሆጃ ስም እንደሚነገር ሁሉ፣ በኢትዮጵያም ሌሎች ሰዎች የፈጠሯቸው ቀልዶች በአለቃ ስም ይነገራሉ። ይህም ዝናቸውን ሲያሰፋው፣ የቅኔ አዋቂነታቸውንና ለአቋቋም ያበረከቱትን ድርሻ ሸፍኖታል።