በዓለም መንግሥታት ማኅበር ደጅ፤ የአለቃ ደስካሄ ሕይወት

ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን፣ በዚያው ወር በጄኔቭ ከተማ አንድ የካዩጋ አለቃ በማኅበሩ ደጅ ይጠኑ ነበር። እሳቸውም በካናዳ፣ በግራንድ ወንዝ ዳር ከሚኖሩት ከስድስቱ የሆዴኖሾኒ ሕዝቦች የተላኩት ደስካሄ ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደስካሄ በ1873 ሲወለዱ የወጣላቸው ስም ሌቪ ጄኔራል ነው። በወጣትነታቸው ዛፍ ቆራጭ፣ በኋላም ገበሬ ነበሩ። ደስካሄ ከአለቃ ወደ አለቃ የሚተላለፍ የማዕረግ ስም ሲሆን እሳቸው በ1917 ተሰየሙበት፤ በሕዝቡ ሥርዓት አለቃን የሚመርጡትም፣ ሲያጠፋ የሚሽሩትም የጎሳ እናቶች ናቸው።

የክርክሩ ሥር መሬት ነው። የእንግሊዝ ዘውድ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት አብረውት ለተሰለፉት ለእነዚህ ሕዝቦች በ1784 ከወንዙ ግራና ቀኝ 6 ማይል ስፋት ያለው ምድር ሰጠ። ከዚህ ዛሬ በእጃቸው የቀረው ከ5 በመቶ አይበልጥም። መሐንዲሶች ሊያልፉት የማይገባ ምዕራፍም አለበት፤ ለዌላንድ ቦይ ውኃ ለመሳብ በ1829 በደንቪል የተሠራው ግድብ እርሻቸውን አጥለቀለቀ፤ በአደራ የተያዘው ገንዘባቸውም ሳይስማሙ በአንድ የወንዝ መጓጓዣ ኩባንያ ላይ ዋለና ኩባንያው ከሰረ።

በ1920 የካናዳ መንግሥት አንድን ነባር ተወላጅ ሳያስፈቅድ ተራ ዜጋ አድርጎ ከሕዝቡ መዝገብ ለመፋቅ የሚያስችል ሕግ አወጣ። ደስካሄ የሕዝባቸውን ፓስፖርት ይዘው በ1921 ለንደን ሄዱ፤ ጉዳዩ የካናዳ ነው ተብለው ተመለሱ። ከዚህ በኋላ ከጠበቃቸው ከጆርጅ ዴከር ጋር ወደ ጄኔቭ አመሩ። ኔዘርላንድስ አቤቱታቸውን ለማኅበሩ አስተላለፈች፤ አየርላንድ፣ ኢስቶኒያ፣ ፓናማና ፋርስም ጉዳዩ እንዲታይ ጠየቁ። እንግሊዝ ግን የውስጥ ጉዳይ ነው ብላ ተጫነቻቸውና አንድ በአንድ አፈገፈጉ። በእርግጥ ደስካሄ የጠየቁት የካናዳ ሕግ አዲስ ሥልጣን እንዲቸራቸው አልነበረም፤ በእኩዮች መካከል የታሰረ የቆየ ውል እንዲከበር ነበር። አዳራሹ ግን አልተከፈተላቸውም።

እሳቸው ገና በስዊስ ሳሉ፣ በ1924፣ ካናዳ የነባር አለቆችን ምክር ቤት በትእዛዝ አፍርሳ በምርጫ የሚቆም ሌላ ምክር ቤት ተካች። በአዲሱ ምርጫ ድምፅ የሚሰጡት ወንዶች ብቻ ሆኑ፤ አለቃ ሿሚዎቹ እናቶች እስከ 1951 ድምፅ አልነበራቸውም። ደስካሄ ወደ አገራቸው መግባት ስላልቻሉ በአሜሪካ ተቀመጡ፤ በ1925 በሮቼስተር ሬዲዮ ለመጨረሻ ጊዜ ተናገሩ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በተስካሮራ ክልል በክሊንተን ሪካርድ ቤት ዐረፉ። አስከሬናቸው ብቻ ወንዙ ዳር ተመለሰ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ካናዳ ያለ ፈቃድ ለእንዲህ ያለ ክስ ገንዘብ ማዋጣትን በሕግ ከለከለች።

የ1982ቱ ሕገ መንግሥት የነባር ሕዝቦችን መብት አጸና፤ ራስን ማስተዳደርን ግን በስሙ አልጠራም። ይህን በግልጽ ሊያሰፍር የነበረው የቻርሎትታውን ስምምነት በ1992 በሕዝበ ውሳኔ ወደቀ። በግራንድ ወንዝ ዳር ዛሬም ሁለት ምክር ቤቶች አሉ፤ አንዱ በድምፅ ይመረጣል፣ የሌላውን አለቆች የሚሰይሙት ግን የጎሳ እናቶች ናቸው።