የሰቃው ንጉሥ አባ ባጊቦ

ስለ እርሻ መሻሻል ስንነጋገር ሐሳባችን ወደ አዲስ ዘርና ወደ አዲስ ማረሻ ብቻ ይሮጣል። ነገር ግን ምርቱን የሚገዛ ገበያ፥ ገበያውንም የሚጠብቅ ሕግ ከሌለ ገበሬው አዲስ ነገር ለመሞከር ምን ያተጋዋል? ለዚህ ጥያቄ የሊሙ እናርያው ንጉሥ የአባ ባጊቦ ታሪክ በበጎም በክፉም ምስክር ነው።

አባ ባጊቦ (የመጠሪያ ስማቸው ኢብሳ ነው) በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1825 ዙፋኑን ከአባታቸው ከቦፎ ተረክበው እስከ 1861 ገዙ። በዘመናቸው ሰቃ ታላቅ የገበያ ከተማ ሆነች። ከጎንደርና ከጎጃም የተነሡ ነጋዴዎች በባሶ በኩል ዓባይን ተሻግረው አሞሌ ጨው ያመጡ ነበር፤ ሲመለሱም ቡና፥ ወርቅ፥ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ጭነው ወደ ምጽዋ በሚያደርሰው መንገድ ይጓዙ ነበር። ንጉሡ ለነጋዴው ጥበቃ ሰጡ፤ ከጎረቤት ነገሥታትም ጋር በጋብቻ ተዛመዱ። በ1843 ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ከፋን ያየው ሙሽራ ለማምጣት ከተላኩት ሰዎች ጋር ሆኖ ነው። እንዲህ ባለው መንገድ የእናርያ ቡና ከጫካው ወጥቶ የሩቅ አገር ሸቀጥ ሆነ።

ሆኖም ክፉውን ገጽ መሸፈን አይገባንም። በዚያው ገበያ ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር፤ ነጋዴውም ያለ ንጉሡ ፈቃድ ከሰቃ አልፎ ወደ ደቡብ እንዳይሄድ ይከለከል ነበር። የሰቃ ብልጽግና በአንድ መንገድና በአንድ ቤተ መንግሥት ላይ የቆመ ነበር። በ1847 የጅማው ቀዳማዊ አባ ጅፋር ባዲ ፎላን ይዘው መንገዱን ሲቈርጡ የሰቃ ጉልበት ላላ፤ ንግዱም እያደር ወደ ጅማ ሂርማታ አዘነበለ።

ንጉሡ አለፉ፤ ቡናው ግን ቀረ፤ የሊሙም ስም ዛሬ በዓለም ገበያ ይጠራል። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን በተነሣ ጊዜም ተመራማሪዎች መፍትሔ ያገኙት በምዕራቡ ጫካና በገበሬው ማሳ ከቈዩት ዛፎች መካከል በሽታውን የሚቋቋሙትን መርጠው በማባዛት ነው።

ቡና ከተተከለ በኋላ ሦስትና አራት ዓመት ያስጠብቃል። ፍሬው የእርሱ መሆኑን ያላመነ ገበሬ አይተክልም። እንግዲህ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ደንብ የምናወጣ እኛ፥ መንገድን መክፈትና የገበሬውን መብት ማጽናት ዘር ከማደል የማያንስ የእርሻ ሥራ መሆኑን ልብ እንበል።